ሁለት ምስክሮች፣ አንድ አካል

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ አበው። ብሂሉ ስለ ኅብረት ኃይል የተነገረ ቢሆንም፣ በሕክምናው ዓለም ውስጥ ቃል በቃል የሚሠራበት አንድ ሥፍራ አለ። በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ የበቀለበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር ሕክምና ሲዘጋጅ፣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በአንድ ምስል ብቻ ተማምኖ ሥራውን አይጀምርም። ሲቲ ስካኑ ስለ አጥንቱ ይነግረዋል፤ ኤም.አር.አዩ ስለ ለስላሳው የአንጎል ሥጋ ያስረዳዋል፤ ፔት ስካኑ ደግሞ የትኛው ሥፍራ ምን ያህል ስኳር እንደሚፈጅ ይጠቁመዋል። ሦስቱም ስለ አንድ ራስ የሚመሰክሩ ናቸው። ሆኖም የቆሙበት ሥፍራ ይለያያል፤ የሚናገሩበትም ቋንቋ አንድ አይደለም።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የእነዚህን ምስክሮች ቃል በአንድ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ማን ነው? ባሰፈረስ ጊዜ በትክክል ማስፈሩን የሚያረጋግጥልን ማን ነው? ሐኪሙ ቢላዋውን የሚያሳርፈው፣ የጨረሩም ዒላማ የሚወሰነው በዚያ መዝገብ መሠረት ነውና፣ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት የሰውን ንግግር፣ የሰውን ዓይን፣ አንዳንዴም የሰውን ሕይወት ያስከፍላል። ከዚህ በታች የምንተርከው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩

የመጀመሪያው ምስክር ጥላ ነበር። ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ሥጋን አልፎ የሚሄድ፣ አጥንት ግን የሚያግደው ጨረር አገኘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ በዚህ ጨረር አነሣው፤ የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ በሰሌዳው ላይ ተሥለው ወጡ። እኛ «ራጅ» ብለን የለመድነው ይህንኑ ነው። ራጅ ግን ጥላ እንደመሆኑ፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይደራርበዋል፤ የጎድን አጥንቱ በልብ ላይ፣ ልቡም በጀርባ አጥንቱ ላይ ይወድቃል።

ይህን መደራረብ የፈታው ሲቲ ስካን ነው። በእንግሊዙ ኢ.ኤም.አይ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ራስ አነሣ። መሣሪያው ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ ይልካል፤ ኮምፒውተሩም ከተገኙት ጥላዎች ተነሥቶ እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ጨረር እንደሚያግድ ያሰላል። ውሃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ተብሎ በተመደበው መለኪያ ላይ፣ አጥንት ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይወጣል። የስሌቱን መንገድ ቀደም ብሎ በ1963 እና በ1964 ያሳተመው የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ አለን ኮርማክ፣ ከሃውንስፊልድ ጋር የ1979ን የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

በ1973 ደግሞ ፖል ላውተርበር፣ በሰውነት ውሃ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮጅን በኃይለኛ ማግኔት መካከል ሲሆን የሚሰጠውን ምልክት ወደ ምስል መለወጥ እንደሚቻል አሳየ። ኤም.አር.አይ ከዚህ ተወለደ፤ ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድም በ2003 ስለዚሁ ሥራ ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው በሰባዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሚሼል ቴር-ፖጎሲያን፣ ማይክል ፌልፕስና ኤድዋርድ ሆፍማን የፔት ስካንን መሣሪያ ሠሩ። በ1976 ደግሞ ጨረር አመንጪ በሆነ ፍሎሪን ምልክት የተደረገበት ስኳር በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ተቀምሞ፣ በአውሮፕላን ወደ ፊላደልፊያ ተወስዶ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። የፍሎሪኑ ኃይል በ110 ደቂቃ ገደማ በግማሽ የሚቀንስ ስለሆነ መዘግየት አይቻልም ነበር።

እነሆ ምስክሮቹ ተሟሉ። አንዱ የአካልን ቅርጽ ያውቃል፤ ሌላው የአካልን ሥራ ያውቃል። ፔት ስካን በአንድ ሥፍራ ስኳር በብዛት መፈጀቱን ይናገራል፤ ያ ሥፍራ ግን ጉበት ይሁን አንጀት በቅጡ ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። ሲቲ ስካን ጉበቱንና አንጀቱን ለይቶ ያሳያል፤ በውስጣቸው ስለሚሆነው ነገር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እርስ በርስ የሚፈላለጉትም ስለዚህ ነው።

፪

በመጀመሪያው ዘመን አገጣጣሚው የሐኪሙ ዓይን ነበር። ፊልሞቹ በብርሃን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ሐኪሙም ወዲያና ወዲህ እያየ አንዱን ምስል በሐሳቡ አዙሮ በሌላው ላይ ያሳርፋል። ልምድ ያለው ሐኪም በዚህ መንገድ ብዙ ይሠራል። ነገር ግን ሕመምተኛው በሁለቱ መሣሪያዎች ውስጥ የተኛው በአንድ ዓይነት አኳኋን አይደለም፤ በአንዱ አገጩን ቀና፣ በሌላው ደፋ አድርጎ ይሆናል። ምስሎቹ የተቆራረጡበት ውፍረትም አይመሳሰልም።

በ1989 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ፔሊዛሪ፣ ጆርጅ ቼንና ባልደረቦቻቸው ቀላልና ብልህ የሆነ ዘዴ አሳተሙ። ከአንደኛው ምስል የጭንቅላቱን የውጭ ገጽታ በኮምፒውተር ይቀርጻሉ፤ ይህን «ራስ» አሉት። ከሁለተኛው ምስል የዚያኑ ገጽታ ነጥቦች ይሰበስባሉ፤ ይህን «ባርኔጣ» አሉት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ባርኔጣው በራሱ ላይ ልክ እስኪቀመጥ ድረስ ያንሸራትተዋል፤ ያዞረዋልም። የራስ ቅል የማይታጠፍ አጥንት ስለሆነ ስድስት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ሦስቱ የመንሸራተቻ፣ ሦስቱ የመዞሪያ። የዘዴው ድክመት ግን ከስሙ ይታወቃል፤ ክብ በሆነ ራስ ላይ ባርኔጣ ሊዞር ይችላልና።

በ1995 ገደማ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በቤልጅየም በሉቨን ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ለየብቻቸው አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ሐሳቡ የተበደረው ክሎድ ሻነን በ1948 ለስልክና ለቴሌግራፍ መልእክት ካቆመው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ «የጋራ መረጃ» ልንለው እንችላለን። አጥንት በሲቲ ስካን ላይ ደማቅ ነጭ ነው፤ በኤም.አር.አይ ላይ ጥቁር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምስሎች በንጣታቸው ማመሳሰል አይቻልም። አዲሱ ዘዴ ግን ምስሎቹ እንዲመሳሰሉ ከቶ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ በአንዱ ምስል ላይ ያለውን የአንድ ነጥብ ንጣት ባውቅ፣ በሌላው ምስል በዚያው ሥፍራ የሚገኘውን ምን ያህል አስቀድሜ መገመት እችላለሁ? ምስሎቹ በትክክል ሲገጣጠሙ ነጩ ሁልጊዜ ከጥቁሩ ጋር ይውላል፤ ግምቱም ቀላል ይሆናል። ሲዛነፉ ነጩ አንዴ ከጥቁር፣ አንዴ ከግራጫ ጋር ይደባለቃል፤ ግምቱም ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግምቱ ከሁሉ የሚቀልበትን አቀማመጥ ይፈልጋል። ሁለቱ ምስክሮች አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ሳያስገድድ የተስማሙበትን ነገር የሚለይ ዳኛ ተገኘ ማለት ነው።

፫

ዳኛውንስ ማን ይዳኘዋል? በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ምዕራፍ የተሠራው በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ማይክል ፊትስፓትሪክና ባልደረቦቹ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁ ሕመምተኞች የተገኙ ምስሎች ነበሯቸው። እነዚህ ሕመምተኞች ለቀዶ ሕክምናው ሲባል በራስ ቅላቸው አጥንት ላይ ትናንሽ ምልክቶች ተተክለውላቸው ነበር። ምልክቶቹ ከአጥንቱ ጋር የታሠሩ ስለሆኑ አይንሸራተቱም፤ በሲቲ ስካንም፣ በኤም.አር.አይም፣ በፔት ስካንም ላይ ይታያሉ። ስለዚህ የሁለቱን ምስሎች እውነተኛ መገጣጠሚያ ከእነርሱ ማስላት ይቻላል።

ተመራማሪዎቹ ይህን እውነት ለራሳቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ የምልክቶቹን ፈለግ ከምስሎቹ ላይ አጠፉና፣ የጸዱትን ምስሎች በየአገሩ ላሉ ባለሙያዎች ላኩ፤ «በየራሳችሁ ዘዴ ገጣጥሙና መልሱልን» አሉ። ተወዳዳሪዎቹ መልሱን ሳያዩ ሠሩ፤ ሥራቸውም ከተደበቀው እውነት ጋር ተመዘነ። ውጤቱ በ1997 ታተመ። ዘዴዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አጥጋቢ ሥራ የመሥራት አቅም እንዳላቸው፣ አልፎ አልፎ ግን ትልቅ ስሕተት ስለሚፈጽሙ የሰው ዓይን ሳይመረምራቸው መታለፍ እንደሌለባቸው ሰነዱ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ፈተናው የተቻለው፣ ከምስሎቹ ውጪ የቆመ፣ ምስሎቹን ያልሰማ፣ በአጥንት ላይ የተተከለ ምስክር ስለነበረ ነው።

፬

ራስ ቅል አጥንት ነው፤ ሆድ ግን አጥንት አይደለም። አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ፊኛ ይሞላል፣ ሳንባ ይነፋል። ከአንገት በታች ስድስቱ ቁጥሮች አይበቁም። ዴቪድ ታውንሰንድና ሮናልድ ነት ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ከስሌት ይልቅ የአናጢ መልስ ይመስላል። ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ መስመር አቆሙና ሕመምተኛውን በአንድ አልጋ ላይ አስተኝተው በሁለቱም ውስጥ አሳለፉት። የመጀመሪያው ጥምር ፔት-ሲቲ በ1998 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ፤ በ2000 ታይም መጽሔት ከዓመቱ ፈጠራዎች መካከል መረጠው፤ በ2001 ገበያ ላይ ዋለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለብቻው የሚሸጥ ፔት ስካነር ከገበያ እየጠፋ ሄደ።

ያም ሆኖ አንድ አልጋ ሁሉንም አልፈታም። ሲቲ ስካኑ በሴኮንዶች ያነሣል፤ ፔት ስካኑ ግን በእያንዳንዱ ሥፍራ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሕመምተኛውም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ይተነፍሳል። በሳንባ ግርጌ ያለ ዕጢ በአንዱ ምስል ሳንባ ውስጥ፣ በሌላው ጉበት ላይ ያረፈ ሊመስል ይችላል። ሕያው አካል ለምስል ብሎ አይቆምም።

፭

ወደ ሰው ሠራሹ የነርቭ መረብ የምንመጣው ይህን ሁሉ ይዘን ነው። መረቡ ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዋረን መካሎክና ዋልተር ፒትስ የነርቭ ሴልን በሒሳብ የቀረጹት በ1943 ነው፤ ፍራንክ ሮዘንብላት ከምሳሌ የሚማር መሣሪያ ያቀረበው በ1958 ነው፤ መረቡ ከስሕተቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚታረምበት ስሌት በሰፊው የታወቀው በ1986 ነው። በ2012 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ መረብ ፎቶግራፎችን በመለየት ውድድር ተቀናቃኞቹን በሰፊው ሲያሸንፍ የሌላው ሙያ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። በ2015 የጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ዩ-ኔት» የተባለውን መረብ ለሕክምና ምስሎች አቀረቡ። ይህ መረብ ምስሉን እየጨመቀ አጠቃላይ ሁኔታውን ይረዳል፤ ከዚያም እየዘረጋ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ይመለሳል። ብዙዎቹ የኋላ ሥራዎች በእርሱ አምሳል የተቀረጹ ናቸው።

መረቡ ለምስሎች ኅብረት ያበረከተው ነገር በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ፍጥነት ነው። ተጣጣፊ አካልን የሚያገጣጥሙት የቀድሞ ዘዴዎች ለእያንዳንዱ ጥንድ ምስል ስሌቱን ከሀ ብለው ይጀምሩ ነበር፤ ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። በ2018 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ቮክሰልሞርፍ» ከብዙ ምስሎች አንዴ ከተማረ በኋላ አዲሱን ጥንድ በቅጽበት ያገጣጥማል። መረቡን የሚያስተምረው መለኪያ ግን ከቀድሞዎቹ ዘዴዎች የተወረሰው የምስሎች መመሳሰል መለኪያ ነው፤ ተማሪው አዲስ ቢሆንም መምህሩ አሮጌው ነው።

ሁለተኛው ብዙ ምስሎችን በአንድ ጊዜ ማንበብ ነው። ከ2012 ጀምሮ የአንጎል ዕጢን በኮምፒውተር የመለየት ዓመታዊ ውድድር ሲካሄድ ቆይቷል፤ «ብራትስ» ይባላል። በዚያ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አራት ዓይነት የኤም.አር.አይ ምስሎች ተገጣጥመው ይቀርባሉ። አንዱ ዕጢውን የከበበውን እብጠት ያጎላል፤ ሌላው በደም ሥር የተሰጠው ማድመቂያ የሚፈስበትን ሕያው የዕጢ ጠርዝ ያሳያል። የቀለም ፎቶግራፍ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ እንደሚሠራ ሁሉ፣ መረቡም አራቱን እንደ አራት ንብርብር ይቀበላቸዋል። እዚህ ላይ ምስክር አለ፤ ባለሙያዎች የዕጢውን ወሰን አስቀድመው መርምረው አሥምረውበታል፤ የመረቡም ሥራ ከዚያ መሥመር ጋር ይመዘናል።

ሦስተኛው ሁለቱን ምስሎች አዋሕዶ ለሐኪሙ ዓይን አንድ ሥዕል ማቅረብ ነው። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ «እውነተኛው የተዋሐደ ምስል» የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለምና። አካሉ በሲቲ ስካን ዓይን አንድ መልክ፣ በኤም.አር.አይ ዓይን ሌላ መልክ አለው እንጂ ሦስተኛ መልክ የለውም። መረቡ ምን አይቶ ይማር? በ2017 ዩ ሊዩና ባልደረቦቹ ለዚህ ሥራ ያቀረቡት መረብ የተማረው ከሕመምተኞች ምስል ሳይሆን፣ ጥርት ካሉና ሆን ተብሎ ከደበዘዙ ምስሎች ነበር፤ ጥርት ያለውን ከደበዘዘው መለየትን ተምሮ፣ ያንን ዕውቀት ወደ ሕክምናው ምስል አሻገረ። ሥዕሉ ያምራል፤ ዝርዝሩም ይታያል። ማማሩ ግን ምስክርነት አይደለም።

፮

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ከማገጣጠምም ከማዋሐድም ይለያል። በ2014 ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ ሁለት መረቦችን የሚያፎካክር ዘዴ አወጡ፤ አንዱ ምስል ይፈጥራል፣ ሌላው «ይህ የተፈጠረ ነው ወይስ እውነተኛ?» ብሎ ይፈርዳል። በ2017 ከበርክሊ የወጣው «ሳይክልጋን» ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ አንድን ዓይነት ምስል ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጥ ጀመር። የሕክምና ተመራማሪዎችም ጠየቁ፤ ከኤም.አር.አዩ ተነሥተን ሲቲ ስካኑን ብንፈጥረውስ?

ጥያቄው ከስንፍና የመነጨ አይደለም። የጨረር ሕክምናን መጠን ለማስላት የሲቲ ስካን ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ዕጢውን ለይቶ ለማየት ግን ብዙ ጊዜ ኤም.አር.አይ ይሻላል። ሲቲውን ከኤም.አር.አዩ መፍጠር ቢቻል ሕመምተኛው ከተጨማሪ ጨረር ይድናል፤ የማገጣጠም ስሕተትም ይቀራል። ፔት ስካንን ከኤም.አር.አይ ጋር ያጣመሩ መሣሪያዎችም በውስጣቸው ሲቲ ስለሌለ ይኸው ያስፈልጋቸዋል። ችግሩ ግን በተለመደው ኤም.አር.አይ ላይ አጥንትም አየርም ሁለቱም ጥቁር ሆነው መታየታቸው ነው። በሲቲው መለኪያ ላይ እጅግ የሚራራቁትን ሁለቱን ነገሮች መረቡ ለይቶ የሚያውቃቸው በዙሪያቸው ካለው ነገርና ቀደም ሲል ካያቸው ራሶች ተነሥቶ ነው። ብዙ ጊዜ በትክክል ይገምታል። ግምት ግን ግምት ነው።

በ2018 ጆሴፍ ፖል ኮኸን፣ ማርጋክስ ለክና ሲና ሆናሪ የዚህን ግምት ጠባይ ፈተኑት። የሚፈጥረውን መረብ ከአንዱ የኤም.አር.አይ ዓይነት ወደ ሌላው እንዲለውጥ አስተማሩት። ዒላማ አድርጎ የሚማርባቸው ምስሎች ዕጢ የሌለባቸው ብቻ ሲሆኑ፣ መረቡ ዕጢ ያለበትን ሰው ምስል ሲለውጥ ዕጢውን አጠፋው። የሚማርባቸው ምስሎች ዕጢ ያለባቸው ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ጤናማ በሆነው አንጎል ላይ ዕጢ ጨመረ። ሁለቱም ምስሎች ለዓይን እውነተኛ ይመስሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መረቡ የሚሸለመው ምስሉ የዒላማውን ሕዝብ ሲመስል ነው እንጂ ለዚያ ለአንዱ ሕመምተኛ ሲታመን አይደለም። ተመራማሪዎቹም በዚህ መንገድ የተለወጠ ምስል በቀጥታ ለምርመራ እንዳይነበብ አሳሰቡ።

በፍርድ ቤት ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ አስተርጓሚ የምስክሩን ቃል ያስተላልፋል። ምስክሩ ሳይመጣ «ቢመጣ ኖሮ እንዲህ ይል ነበር» ብሎ የሚናገር ሰው ግን አስተርጓሚ አይደለም። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ምስክር ቃል ተቆጥሮ ሊመዘገብ ግን አይገባም።

፯

ይህ ነገር ለእኛ ከሩቅ አገር የመጣ ወግ ብቻ አይደለም። በ2023 የብራትስ ውድድር ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የተገኙ ምስሎችን ለብቻቸው ይዞ ቀረበ። የተደረገበትም ምክንያት ነበረው፤ ከዚያ በፊት መረቦቹ የተማሩት በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ታማሚዎች ምስል ነው። በእኛ አህጉር ግን መሣሪያው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሕመምተኛውም ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ዕጢው ገፍቶ ከሄደ በኋላ ነው። በጥሩ መሣሪያ የተነሣ ትንሽ ዕጢ ሲያይ ያደገ መረብ፣ በደካማ መሣሪያ የተነሣ ትልቅ ዕጢ ሲቀርብለት የሚያደርገውን በመመኘት ማወቅ አይቻልም፤ መፈተን አለበት።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። አንድ መሣሪያ ብቻ ባለበት ሆስፒታል፣ ሁለተኛውን ምስል እፈጥርልሃለሁ የሚል መረብ እጅግ ያጓጓል። ሁለተኛ መሣሪያ ባለበት አገር የተፈጠረውን ምስል ከእውነተኛው ጋር አስተያይቶ ውሸቱን መያዝ ይቻላል። በሌለበት ግን ማን ይይዘዋል? የመረቡ ስጦታ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግበት ሥፍራና ስሕተቱ ከሁሉ ይልቅ የሚሰወርበት ሥፍራ አንድ ነው።

ይህ ሲባል መረቡ ይቅር ማለት አይደለም። የባርኔጣው ዘዴ ይዞር ነበርና ተጣለ አልተባለም፤ ተሻሻለ እንጂ። መረቡም በሴኮንዶች የሚያገጣጥመው ምስል፣ በአራት ንብርብር አንብቦ የሚያሠምረው የዕጢ ወሰን ለሐኪሙ እውነተኛ እርዳታ ነው። የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም፤ የተፈጠረ ምስል የተፈጠረ መሆኑ ይጻፍበት፣ ዋናዎቹ ምስሎች ከተዋሐደው ሥዕል ጎን አይታጡ፣ መረቡም ለሚያገለግላቸው ሰዎች በእነርሱው ምስል ይፈተን።

የቫንደርቢልት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በአጥንቱ ላይ የተተከለውን ምልክት መጀመሪያ በራሳቸው መዝገብ ላይ አኖሩት፤ ከምስሉ ላይ ያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም መረብ ሠርቶ ወደ ሆስፒታላችን በር ለሚያመጣ ሁሉ መጀመሪያ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ «ምልክቱን የተከልከው በማን አጥንት ላይ ነው?» የሚል ነው።